በቆርቆሮ የተለበጠው ቁም ሳጥን

ዕድሜዬን በማስተማር ጨርሼ ጡረታ ስወጣ፣ ከእንግዲህ ማንንም አልመክርም ብዬ ለራሴ ቃል ገብቼ ነበር። ሰው መምከር ያደክማል። ስለዚህ ቻርጀር ልገዛ የኤሌክትሮኒክስ ሱቅ ገብቼ ጎረቤቴን፣ ሽማግሌውን አናጢ፣ ከሻጯ ወጣት ጋር ሲከራከሩ ሳገኛቸው ጥግ ይዤ ዝም አልኩ።

«ልጄ፣ ያንን ስምንት አንቴና ያለውን ራውተር ስጪኝ ነው የምልሽ!» ይላሉ።

«እሰጥዎታለሁ አባባ። መጀመሪያ ግን አሁን ያለው የት እንደተቀመጠ ይንገሩኝ።»

«ሳሎን፣ ቁም ሳጥን ውስጥ። በገዛ እጄ የሠራሁት ነው። አይጥ እንዳይበሳው ውስጡን በቆርቆሮ ለብጬዋለሁ። ቁልፉም ይኸው፣ ኪሴ ውስጥ ነው።»

ልጅቷ ሳቋን ዋጥ አደረገች። እኔ ግን አልሳቅኩም፤ እኔም ቤት ራውተሩ ጥልፍ ለብሶ ነው የሚኖረው።

«አባባ፣ ቆርቆሮ ሞገዱን ያፍነዋል። ስምንት አንቴና ቢኖረውስ ከተቆለፈበት ምን ይፈይዳል?»

«ታዲያ ውድ ዕቃ ሜዳ ላይ ይጣል? በእኛ ጊዜ ሬዲዮ እንኳ ተቆልፎበት ነበር የሚቀመጠው።»

«ሊሰሙት ሲፈልጉ ግን ይከፍቱለት ነበር፣ አይደል? ለመሆኑ ኢንተርኔቱ ለማን ነው የተፈለገው?»

አናጢው በርጩማው ላይ ቁጭ አሉ። «ለባለቤቴ። እግሯ ከታመመ ወዲህ ከኋላ መኝታ ቤት አትወጣም። ሌላ ከተማ የምትሠራ ልጅ አለችን፤ በቪዲዮ እየደወለች ታጫውታት ነበር። አሁን ልጅቷ ካኮረፈች ሁለት ወር ሆናት። ምን ሆነሽ ነው ስላት "ምንም" ትለኛለች።»

«እማማ በደንብ ይሰሟት ነበር?»

«እንዴታ! "እሺ፣ እሺ" ስትላት እኔው እሰማለሁ።»

ይኼን ጊዜ ቃሌን አፈረስኩ። «ይቅርታ ያድርጉልኝ። አንድ ቀን ባለቤትዎን ልጠይቅ ገብቼ ሳለ ልጅዎ ደውላ ነበር። ምስሉ ደርቆ ቀርቷል፣ ድምፁ ይቆራረጣል፤ እሳቸው ግን "እሺ" ይላሉ። ለምን ለእርስዎ እንደማይነግሩዎት ስጠይቃቸው፣ "በዚያ ቁም ሳጥን ሲኮራ እያየሁ ምን ብዬ ልንገረው?" አሉኝ።»

አናጢው ቁልፉን ከኪሳቸው አውጥተው ሲያዩት ቆዩ። ሐዘናቸው ወደ እኔም ተጋባ።

«የትኛው ይሻለኛል ታዲያ?» አሉ በመጨረሻ።

«በአንቴና ብዛት አይምረጡ» አለች ሻጯ። «ግድግዳው ምንድን ነው?»

«ድንጋይ። እሷ ጋ ለመድረስ ሁለት ግድግዳ ነው።»

«እንግዲያው ይኼ ጥንድ ራውተር ይሁንልዎ። አንዱን ሳሎን ከፍ ያለ ቦታ ላይ፣ ሁለተኛውን መሃል ኮሪደሩ ላይ ያድርጉት፤ እየተቀባበሉ ያደርሱላቸዋል። እማማ አልጋ አጠገብ እንዳያደርጉት፤ ከመጀመሪያው ከራቀ እሱም የሚያቀብለው ያጣል። ብቻ አይቆልፉባቸው።»

በማግስቱ አብረን ገጠምነው። አናጢው ራሳቸው ለልጃቸው ደውለው ስልኩን ለባለቤታቸው ሰጧቸው።

«እማዬ፣ ይሰማሻል?»

«ጥርት ብሎ!»

ልጃቸው ፊቷን ወደ ስልኩ አስጠጋች። «ታዲያ ያን ጊዜ አያት ልትሆኚ ነው ስልሽ፣ "እሺ" ብቻ ብለሽኝ ያለፍሽው ለምንድን ነው?»

እናትየው አፋቸውን በእጃቸው ያዙ። «አሁን ገና መስማቴ ነው፣ ልጄ። እስኪ ድገሚልኝ።»

አናጢው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። እኔም አለቀስኩ፤ ለምን እደብቃለሁ።

እንግዲህ ቃሌን አንዴ ካፈረስኩ አይቀር ልናገር፦ ራውተር የምትገዙ ሰዎች፣ አንቴናውን ሳይሆን ግድግዳችሁን ቁጠሩ፤ ከፍ አድርጋችሁ ግልጽ ቦታ አስቀምጡት። ሰው ቤቱ ተኝቶ የልጁን ድምፅ ይሰማል፤ ባልሰማው ነገርም አይታማም። እኔም ያን ዕለት ቤቴ ገብቼ ጥልፉን ገፈፍኩት።

አናጢው ደግሞ የቁም ሳጥኑን ቆርቆሮ ልጠው ጥለው፣ በሳንቃው የሕፃን አልጋ እየሠሩ ነው።