አንድ ጣት ወደ ውስጥ

ዛሬ ልንሸኛቸው የተሰበሰብንላቸው የቅርስ ጥገና ባለሙያ ከግንበኛ አባታቸውና ከልብስ ሰፊ እናታቸው፣ ለቤቱ ሁለተኛና የመጨረሻ ልጅ ሆነው ተወለዱ። ይህን የምታነብላችሁ ታላቅ እህታቸው ናት፤ አዝላ ያሳደገችውን ልጅ አንቱ ማለት ለምላሷ ባይጥምም፣ አንቱ የሚያሰኘው ዕድሜ ሳይሆን ሥራ ነውና አንቱ ብላቸዋለች። ከሰው ተጣልተው አያውቁም የሚል ጨምሪበት ያሏት ነበሩ፤ አልጨመረችም፤ ምክንያቱን አሁን ትሰማላችሁ።

ትምህርት ቤት በገቡ ጊዜ ሌላው ልጅ ኳስ ሲያሯሩጥ እርሳቸው አጥሩ ሥር ተቀምጠው የግንቡን ድንጋይ በጣታቸው ሲነካኩ ይውሉ ስለነበር፣ የሰፈሩ ሰው «ዳባሹ» የሚል ስም አወጣላቸው። እናታቸውም ይህ ልጅ ዓይኑን ያበቀለው ጣቱ ላይ ነው እያሉ ይስቁ ነበር።

የሕንፃ ትምህርታቸውንም በማዕረግ ጨርሰው፣ ከከተማው ዳር በሚገኘው የጥንት ከተማ ፍርስራሽ በጥገና ክፍል ተቀጠሩ። ኖራው በጉድጓድ ሲብላላ በሚከርምበት፣ ቆፋሪውና ጠራቢው በአንዲት የቆርቆሮ ክፍል ሻይ እየጠጡ በሚጨቃጨቁበት በዚያ ግቢ፣ የተሰበረ ገል ስትገጣጥም ከምትውል የቁፋሮ ባለሙያ ጋር ተዋወቁና ትዳር መሠረቱ። እህታቸው፣ እነዚህ ሁለቱ ቤቱን በስብርባሪ ሊሞሉት ነው ብላ ብትተርብም፣ ቤታቸው ሙሉ ነበር፤ አንዲት ሴት ልጅም ወለዱ።

በሥራቸው መጀመሪያ ዘመን የጥንቱ ከተማ ታላቅ በር ቅስት ግማሹ ወድቆ ስለነበር፣ ከአንድ ሽማግሌ ጠራቢ ጋር አዲስ ድንጋይ ጠርበው መልሰው አቆሙት። ከማማሩ የተነሣ አዲሱ ከአሮጌው የማይለይ ሆነ፤ ሰዉ አጨበጨበ፣ እርሳቸውም ደረታቸውን ነፉ። በሙያቸው ደንብ ግን አዲስ ድንጋይ ሲተካ፣ ኋላ የሚመጣ ሰው የጥንቱን ከዛሬው እንዲለይ፣ ፊቱ ከአሮጌው አንድ ጣት ያህል ወደ ውስጥ ይገባል። እርሳቸው ውበቱ ይጎድላል ብለው ደንቡን ተዉት፤ የትኛው የማን እንደሆነም የትም አላሰፈሩም።

ከዓመታት በኋላ አንድ ተመራማሪ በሰው ፊት የጥንት ሰዎችን የጥርብ ጥበብ ሲያስረዱ፣ ለምሳሌ ያነሡት የእርሳቸውን ድንጋይ ሆነ። ወንድሜ ፈሪ አልነበሩም፤ ከመቀመጫቸው ተነሥተው ያን የጠረብኩት እኔ ነኝ አሉ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ቅስቱ እውነቱን እንዲናገር ካልተደረገ እንቅልፍ አይወስደኝም እያሉ የሥራ ኃላፊያቸውን ቢለምኑም፣ ኃላፊው ቆንጆ ፊት ማን ይቧጭራል እያሉ መለሷቸው። ተጣሉ። ሰላምታም እስኪቋረጥ ተጣሉ፤ ለዚህ ነው ጨምሪ ያላችሁኝን ያልጨመርኩት።

ዛሬ ነገ ሲባል ሽማግሌው ጠራቢ ሞቱ፣ ኃላፊውም ጡረታ ወጡ፤ በቦታቸውም የእናቷን ሙያ ከአባቷ ሙያ አጣምራ የተማረችው የወንድሜ ልጅ ተተካችና ሥራውን ፈቀደች። ይሁንና በዚያ ጊዜ ስኳር የወንድሜን ዓይን ወስዶት ነበር፤ ዝናብና ፀሐይም አዲሱን ድንጋይ አስረጅተው ከጥንቱ ጋር አመሳስለውት ስለነበር፣ ማንም ሊለየው አልቻለም።

ልጃቸውና ሁለት ግንበኞች ደግፈው መወጣጫው ላይ አወጧቸው። እህታቸው ከታች ቆማ፣ ይህ ሰውዬ ወድቆ ሌላ ፍርስራሽ ሊጨምርብን ነው እያለች ስትራገም፣ እርሳቸው ድንጋዩን በመዳፋቸው እየዳበሱ፣ ይህ የኔ፣ ይህም የኔ እያሉ አለፉ፤ ልጃቸውም በጠመኔ ምልክት አደረገች። ከሁሉ አምሮ በሚታየው፣ ሁላችንም የእርሳቸው እጅ ነው ብለን በኮራንበት የአናቱ ድንጋይ ላይ ሲደርሱ ግን እጃቸው ቆየ።

«ይኼን አትንኩት ልጄ፤ ይኼ የጥንቱ ነው፤ የባለቤቱ» አሉ።

ምልክት ያለባቸው ሁሉ ፊታቸው ተጠርቦ አንድ ጣት ወደ ውስጥ ገባ፤ ቅስቱም አልወደቀም፣ እነሆ ቆሟል። ሥራው ባለቀ ቀን ልጃቸው እጃቸውን ይዛ አሮጌው ከአዲሱ በሚለይበት እርከን ላይ ብታሳርፈው፣ ጣታቸው ልክክ አለ። በዚያ ሰሞን እንደ ሕፃን ሲተኙ ሰነበቱ፤ ሕመሙም ጸንቶባቸው በተወለዱ በሰባ አራት ዓመታቸው በቤታቸው ዐረፉ።

ባለቤታቸውን፣ ልጃቸውን፣ «ዳባሹ» የሚል ስም ባይወጣለትም እንደ እርሳቸው ግንብ ሲነካካ የሚውለውን የልጅ ልጃቸውንና አንዲት ምላሰኛ እህት ትተው ሄደዋል። ግትር ነበሩ፣ ሲበሉም ያወሩ ነበር፤ የጎደላቸውን በምስጋና አልለሰንኩትም፣ ቢሰሙኝ ይቆጡኛልና። ነፍሳቸውንም የሠራት ፈጣሪ በመዳፉ ዳብሶ፣ ይቺስ የኔ ናት ብሎ ይቀበልልን።