የተገለበጠው ካርድ

መናደድ ለጤናዬ እንደማይበጅ ሐኪሜ ነግሮኛል። ሐኪሜ ግን የሰፈራችንን ቤተ መጻሕፍት አያውቀውም።

ከአራት ወር በፊት አንድ ማክሰኞ ጠዋት መታወቂያዬን ፎቶ ኮፒ ላስነሣ ወጣሁ። ሰልፉ ረጅም ስለነበር ፊት ለፊት ካለው ቤተ መጻሕፍት አረፍ ልበል ብዬ ገባሁ። ገና ከበሩ ክርክር ተቀበለኝ። አንዱ ተከራካሪ አብሮ አደጌ ነው፤ ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ የመጻሕፍቱ ስምና ቦታ ከተጻፈባቸው ካርዶች መሳቢያ ስለማይለይ ሰፈሩ ሁሉ «ጋሽ መሳቢያ» ይለዋል። ሌላዋ አምና የተቀጠረች ወጣት ባለሙያ ናት።

«መምህር፣ እንኳን መጣህ!» አለኝ። «ና ፍረደን። ይቺ ልጅ አንድ ነገር ብለምናት እምቢ አለችኝ።»

«ምን ለምነሃት ነው?»

«ለቤተ መጻሕፍት ሠራተኞች በሙሉ በኢንተርኔት የሚሰጥ የስድስት ሳምንት የኮምፒውተር ሥልጠና መጥቷል። ዛሬ አራት ሰዓት ላይ ይጀመራል። እሷ መግባቷ አይቀር፣ በዚያው በሌላኛው ኮምፒውተር በእኔም ስም ግቢልኝ፣ ካሜራውን ዝጊው፣ ስም ሲጠራ ‹አለሁ› ብለሽ ጻፊልኝ አልኳት። ይኸው ነው ጥፋቴ!»

በማስተማር ዘመኔ በሌላ ሰው ስም ለፈተና የተቀመጠ ተማሪ ይዤ አውቃለሁ። በሽምግልናው ምትክ የሚልክ ተማሪ ከጓደኞቼ መካከል አገኛለሁ ብዬ ግን አልጠበቅሁም። ደሜ ፈላ። ቢሆንም ዳኛ ተብያለሁና ዋጥ አድርጌ ልጅቷን ጠየቅኋት።

«ጋሼን ማገልገል ደስ ይለኛል» አለች በትሕትና። «መሰላል ውጪ ቢሉኝ እወጣለሁ። ግን በስምዎ እኔ ተምሬ፣ የምስክር ወረቀቱን እርስዎ ግድግዳ ላይ ሰቅለው፣ ነገ አንባቢ መጥቶ ሲጠይቅዎት ምን ሊመልሱለት ነው?»

«ከመሳቢያዬ አውጥቼ እመልስለታለሁ! መብራት አይጠፋበት፣ መስመር አይቋረጥበት። መጽሐፍ ሲጠፋ ካርዱን ገልብጬ አስቀምጠዋለሁ። የተገለበጠ ካርድ ካየሁ መጽሐፉ የለም፣ በቃ! ይህን ዘዴ ማንም አላስተማረኝም፤ የራሴ ነው።»

«የጠፋው ሲገኝስ ጋሼ፣ ካርዱን ማን ያቃናዋል?»

መልስ ሊሰጥ አፉን ሲከፍት አንዲት ሴት ነጭ ጋውኗን እንደለበሰች ገባች። ማዶ ካለው ክሊኒክ የምትሠራ ነርስ ናት።

«ጋሼ፣ አሁንም አሰለቸሁዎት» አለች። «ያ ስለ ቃጠሎ ቁስል አያያዝ የሚያስረዳው መጽሐፍ ምናልባት ሌላ ቅጂ መጥቶ እንደሆን ብዬ ነው።»

ጋሽ መሳቢያ መሳቢያውን ስቦ በጣቱ ገለጥ ገለጥ አደረገና የተገለበጠውን ካርድ አወጣ። «ጠፍቷል ብዬሽ የለም እንዴ፣ እኅቴ! ይኸው!»

ወጣቷ መደርደሪያዎቹን አንድ በአንድ እየቆጠረች ኮምፒውተር ውስጥ ስትመዘግብ ከርማ ነበርና ሁለት ቃል ጻፈች፣ ተነሥታ ወደ ሦስተኛው መደርደሪያ ሄደች፣ መጽሐፉን ይዛ ተመለሰች። በመጨረሻው ገጽ ላይ የተመለሰበት ቀን ተጽፏል። አራት ዓመት ሆኖታል። የእጅ ጽሑፉም የጋሽ መሳቢያ የራሱ ነው። መጽሐፉን ተቀብሎ ወደ ቦታው መልሶታል፤ ካርዱን ማቃናት ግን ረስቷል።

ነርሷ መጽሐፉን በሁለት እጇ ይዛ ቆመች። «እዚሁ ነበር?» አለች። «ሦስት ጊዜ መለሱኝ እኮ። የደረጃ ዕድገት ፈተናው ባለፈው ሳምንት ነበር። ከዚህ መጽሐፍ የወጣውን ጥያቄ ሳልሠራው ወደቅሁ። አሁን የምፈልገው ለከርሞው ነው፤ በዓመት አንዴ ነው የሚሰጠው፣ ጋሼ!»

እኔ መታገሥ አልቻልኩም።

«ስማ አንተ ሰው!» አልኩት። «ካርዱ አይደለም ያናደደኝ፤ ካርድ ወረቀት ነው። ሰው ደጅህ ድረስ ሦስት ጊዜ እየመጣ አንዴ እንኳ ተነሥተህ መደርደሪያውን አለማየትህ ነው! አሁን ደግሞ የሚያስተምርህ ሲመጣ ካሜራ ዘግተህ ልትደበቅ! ከማን ነው የምትደበቀው?»

ወንበሩ ላይ ቁጭ አለ። «አብረውኝ ከሚሠለጥኑት ልጆች» አለ ቀስ ብሎ። «ማውስ መያዝ እንኳ አልችልም። ይሥቁብኛል። እዚህ ቤት ውስጥ የማላውቀው ነገር ኖሮ አያውቅም።»

«እኔ ስቀጠር የመጽሐፍ ቁጥር እንኳ ማንበብ አልችልም ነበር» አለች ወጣቷ። «እርስዎ አልሣቁብኝም፤ አጠገቤ ተቀምጠው አስተማሩኝ። አሁንም እኔ ብቻዬን አልችልም። ካርዶቹ ጀርባ ላይ የጻፏቸውን ምልክቶች የሚያውቅ እርስዎ ብቻ ነዎት። ይህን እውቀት ራስዎ ኮምፒውተሩ ውስጥ ካላስገቡት ካርዶቹ አንድ ቀን በጆንያ ታጭቀው ይጣላሉ። ካስገቡት ግን እኅታችን ከክሊኒኳ ሳትወጣ በስልኳ አይታ፣ መጽሐፉ ካለ ብቻ ትመጣለች።»

ጋሽ መሳቢያ ካርዱን አንሥቶ አቃናው። ከዚያ ወደ ነርሷ ዞሮ፣ «ይቅርታ፣ የኔ እኅት። ጥፋቱ የኔ ነው» አለ። ከልጅነታችን ጀምሮ ከአፉ ሲወጣ ያልሰማሁት ቃል ነው።

አራት ሰዓት ሲሆን ኮምፒውተሩ ፊት ተቀመጠ። ካሜራውን ራሱ ከፈተው። አሠልጣኙ ሰላምታውን እንደጨረሰ፣ «ጥያቄ ያለው አለ?» ከማለቱ እጁን እንደ ተማሪ አወጣ።

«እኔ አለኝ። ጠፍቷል ያልኩት መጽሐፍ ሲገኝ፣ ምልክቱን የማነሣው የት ተጭኜ ነው?»

ማንም አልሣቀም።

ሥልጠናው ካለቀ ቆይቷል። መሳቢያው ውስጥ ከነበሩት አርባ ሦስት የተገለበጡ ካርዶች የአሥራ ሰባቱ መጻሕፍት መደርደሪያ ላይ ተገኙ። አሁን ተማሪው ከቤቱ፣ ሠራተኛው ከመሥሪያ ቤቱ ሆኖ ያለውንና የሌለውን ያያል፤ በከንቱ የሚመላለስ ሰው የለም። ጋሽ መሳቢያም ለጡረታ የተቃረቡትን የሌላ ቤተ መጻሕፍት ሠራተኞች በዚያው በኢንተርኔት ያስተምራል፤ ካሜራ የዘጋውን ስሙን ጠርቶ ያስከፍተዋል።

ነርሷ መጽሐፉን ጨርሳ መልሳለች። ፈተናው እስኪደርስ ግን ገና ስምንት ወር ይቀራታል። ይህን ባሰብኩ ቁጥር እናደዳለሁ፤ ሐኪሜ የፈለገውን ይበል።