ያልፈነዳው በርሜል

የተከበራችሁ የቴአትር ቡድናችን ባልደረቦች፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ የተከበራችሁ ለንግግሩ ሳይሆን ለጥብሱ የመጣችሁ እንግዶች!

ዛሬ የምንሸኛቸው አያ ዋኘው እዚህ ቴአትር ቤት የገቡት ተዋናይ ሊሆኑ አልነበረም። ከሠላሳ አንድ ዓመት በፊት የመድረኩ በር ከማጠፊያው ወልቆ አናጢው አያ ዋኘው ከኮላ ድባ ተጠሩ። ያን ቀን ጠዋት ደግሞ የተዋናዮች ፈተና ነበር። የያኔው አዘጋጅ በር ላይ ቆሞ ያገኘውን አናጢ፣ «በል፣ ቤትህ ተቃጥሏል! አሳየን!» አለው።

«ምነው ጌታዬ! አሁን እኮ ነው ከቤት የወጣሁት!» ብለው ቦርሳቸውን ጥለው እሪ እያሉ ሮጡ።

ፈታኞቹ ቆመው አጨበጨቡ። አንደኛ ወጡ። በሩ ግን እስከ ዛሬ አልተሠራም።

መድረክ ላይ ሁለት ወር ቆዩና፣ ለጥበብ ደኅንነት ሲባል፣ ከመጋረጃ ጀርባ ተዛወሩ። ሥራቸው ድምፅ ማውጣትና ቃል ሲጠፋን በሹክሹክታ ማስታወስ ሆነ። ሹክሹክታቸውን ታውቁታላችሁ፤ የመጨረሻ ረድፍ የተቀመጠ ሰው ከእኔ ቀድሞ ይሰማዋል። አንድ ቀን ንጉሥ ሆኜ፣ ዘውድ ደፍቼ፣ «ሕዝቤ ሆይ፣ ርሃብህ ርሃቤ ነው!» ስል ከጀርባዬ፣ «ኧረ ቀስ አንተ አስናቀው፤ አሁን ሁለት ሳህን ጥርግ አድርገህ በልተህ አልነበር የገባኸው?» አሉኝ። ሕዝቡ ያጨበጨበው ለማን እንደሆነ አልነግራችሁም።

ካቻምና የከተማችን መናኸሪያ ውስጥ ቦምብ ተወረወረ። እኔም ስለ መንገደኞቹ ቴአትር ጻፍኩ። ስለ መንገደኞቹ አልኩ እንጂ፣ ለወርዋሪው አሥራ ሁለት ደቂቃ ሙሉ ብቻውን የሚያወራው ንግግር ሰጥቼው፣ ለመንገደኞቹ የተረፋቸው መጮኽና መውደቅ ነበር። ወርዋሪውን የምጫወተው እኔ መሆኔ፣ እመኑኝ፣ አጋጣሚ ነው። አያ ዋኘው ለፍንዳታው ባዶ በርሜል ላይ ቆርቆሮ አጣበቁ። በመዶሻ መትተው ሲሞክሩት የሰፈሩ ዶሮዎች ሦስት ቀን እንቁላል መጣል አቆሙ።

የቤታችን ልማድ ነው፤ ቴአትር ለሕዝብ ከመታየቱ በፊት ጉዳዩ የደረሰበት ሰው ልምምዱን ያያል። ወይዘሮ የትነበርሽን ጠራን፤ ነጭ ሽንኩርት ነጋዴ ናቸው። ያን ቀን መናኸሪያው ውስጥ ነበሩ። ከዚያ ወዲህ አውቶብስ ስላልረገጡ አምባ ጊዮርጊስ ያሉትን እናታቸውን ካዩ ዓመት አልፏቸው ነበር።

ሲገቡ አያ ዋኘውን፣ «አያ፣ ይኸ ነገር ድምፅ አለው ወይ?» ብለው ጠየቁ።

«ትንሽ» አሉ አያ ዋኘው። በርሜላቸውን እያዩ።

ልምምዱ ተጀመረ። አሥራ ሁለት ደቂቃዬን ጨርሼ እጄን ወረወርኩ። ጸጥ። እጄ አየር ላይ ቀረ። ነጋዴዋን የምትጫወተው ፀደይ ለመውደቅ ጎንበስ እንዳለች ትጠብቃለች።

«አያ ዋኘው! ቦምቡ!»

«የለም።»

«ምነው?»

«እሷ የምታውቀውን እኔ ምን ብዬ ልንገራት?»

መዶሻቸውን መሬት ላይ አስቀመጡ። እኛ ግራ ገባን። መንገደኛ የሚጫወተው ደመቀ አፉን ከፍቶ ቀረ። ፀደይ የምታደርገው ቢጠፋት ስትጎነበስ ከጆንያዋ መድረኩ ላይ የተበተነውን ሽንኩርት መልቀም ጀመረች። ያኔ ወይዘሮ የትነበርሽ ከወንበራቸው ብድግ አሉ። አለቀልን አልኩ።

«ማን ነገራችሁ?» አሉ። «ጆሮዬ ጥርቅም ብሎ ነበር። ሰው ሁሉ አፉን ይከፍታል፣ ድምፅ የለም። እኔ ሽንኩርቴን ለቀምኩ። ሰው እየሞተ ሽንኩርት ለቀመች እንዳልባል ለእናቴም አልነገርኩ።»

አያ ዋኘው ከመጋረጃው ወጡ። «እጅ እኮ ሲደነግጥ የለመደውን ነው የሚሠራ፣ እኅቴ። እኔ ብሆን ምስማር ነበር የምለቅም።»

ሴትዮዋ ሳቁ። አለቀሱም፤ መጀመሪያ ግን ሳቁ።

በማግስቱ አዘጋጃችን ሐብተ ማርያም አሥራ ሁለት ደቂቃዬን በአንድ የእስክሪብቶ መስመር ቀበረው። ሐዘን ተቀመጥኩ፤ ለቅሶ የደረሰኝ የለም። አሁን የምጫወተው አንድ እግር ጫማውን የሚፈልግ መንገደኛ ነው።

አያ ዋኘው፣ እዚህ ላይ ቀልዱን ልተው። ሰው ከፍንዳታው በኋላ ምን እንዳደረገ መጠየቅ ለእኔ አልመጣልኝም ነበር። እርስዎ መዶሻዎን ባያስቀምጡ፣ እኚያን ሴት ሁለተኛ ጊዜ እናስደነግጣቸው ነበር፤ ያውም በግብዣ ወረቀት። ስለዚያ ጸጥታ አመሰግንዎታለሁ።

እናንተ ደግሞ ሽኝቱ ለምን ዘገየ ብላችሁ አጉረምርማችኋል። ወይዘሮ የትነበርሽ ከትናንት በስቲያ በአውቶብስ እናታቸው ዘንድ ሄዱ፤ አያ ዋኘው አጠገባቸው ተቀምጠው አደረሷቸው። ዛሬ ግን ብቻቸውን ነው የሚመለሱት። ጠዋት ስልካቸው አልነሣ ብሎ፣ አያ ዋኘው በገዛ ሽኝታቸው አንድ ጉርሻ አልዋጡም።

ከአሥር ደቂቃ በፊት ወይዘሮዋ ደወሉ።

«አያ ዋኘው፣ ደርሻለሁ! መናኸሪያው መሐል ቆሜያለሁ። ረዳቶቹ ይጮኻሉ፣ እኔም ጆንያዬን አውርዱ እያልኩ እጮኻለሁ!»

እንግዲህ ብርሌያችሁን አንሡ! አያ ዋኘው፣ ጉልበትዎ አይዛል፤ እንቅልፍዎ ሸጋ ይሁን፤ ስልክዎም ዕድሜ ልክዎን እንዲህ ያለ ወሬ ያምጣልዎ። ለጤናዎ!

ጠጁን ግን እንዳትጨርሱት፤ ወይዘሮ የትነበርሽ ባጃጅ ይዘው እየመጡ ነው።