የመመለሻ ቀን

ከዘመሮ ወደ ደብረ ብርሃን በሚሄደው ሚኒባስ ከኋላዬ አንድ አዛውንትና አንዲት ነጋዴ ሴት ተቀምጠው ያወራሉ።

«ልጄ ውጭ አገር ታማ ተኛች። አይቻት ልመለስ ብዬ ቪዛ ብጠይቅ ከለከሉኝ።»

«ምን ጎደለ ብለው ነው፣ አባባ?»

«ምንም አልጎደለ። የመሬቴንም ማስረጃ፣ የሐኪሟንም ወረቀት ይዤ ነበር። ‹መቼ ይመለሳሉ?› አሉኝ። ‹እግዜር በፈቀደ ቀን› አልኋቸው።»

«ውይ! እዚያ እንዲህ ይባላል? ቀን ቆርጦ መናገር ነው እንጂ!»

«ነገን ማን ሰጠኝና ነው የምቆርጠው? በጎቼንና የጓሳ ሣር ድርሻዬን ጥዬ የት እቀራለሁ ብላቸውም፣ ‹መመለስዎን አላመንንም› አሉኝ።»

«አይ ጉድ! አሁን እንደገና ሊሞክሩ ነው?»

«የለም። ከደብረ ብርሃን አልፌ አውሮፕላን ማረፊያ ነው የምሄደው፣ ልቀበላት።»

«እሰይ! ተሻላትና መጣች?»

«ሬሳዋ ነው የሚመጣው፣ ልጄ።»

«ወይኔ አባባ! እግዜር ያጽናዎ! መቼ ነው የሚገባው?»

«ነገ ጠዋት በሦስት ሰዓት።»

«እግዜር ካለ» እስኪሉ ጠበቅሁ፤ ደብረ ብርሃን እስክንገባ ድረስ አላሉም።