ከአንድ ጣቃ አቡጀዲ

ወላሂ፣ ብምልላችሁም አታምኑኝም። በደርግ ጊዜ እናቶች ወደ ገበሬ ማኅበሩ የጋራ እርሻ ሲወርዱ ሕፃናቱን የምጠብቀው እኔ ነበርኩ፤ አብሬ ሳርስ በሬዎቹ ልግም ተማሩ ተብዬ ነው የተሾምኩት። ሕፃናቱ ሁሉ ማኅበሩ ባደለው ነጭ አቡጀዲ ተጠቅልለው ስለሚተኙ ማን የማን እንደሆነ መልአክም አይለያቸው።

አንድ ጧት አንዱ ሕፃን ለቅሶው መካነ ሰላም ገበያ እስኪሰማ ድረስ አለቀሰ። ልክ ያኔ ጥሩዬ ልጇን ልታጠባ ከማሳ መጣች፤ የሚያለቅሰውን አንስቼ ሰጠኋት። አውቄ ነው አልል፣ ሳላውቅ ነው አልል። ጡቷን ጎርሶ ጸጥ ካለ በኋላ ፊቱን ገለጥ አድርጋ ስታየው ደነገጠች። «አንተ ቀልማዳ! ይሄ የዘነበች ልጅ አይደለም? ባሏ በወሰን ጠብ ወንድሜን የገደለው!» «ነው፤ እሱ ግን ገና ጥርስም የለው፣ ማንን ይገድላል?» አልኳት። ልትነጥለው እጇን ሰደደች፤ ሕፃኑ ጣቷን ጨብጦ መጥባቱን ቀጠለ። እጇ እዚያው ቀረ። ቀና ስንል ዘነበች በሩ ላይ ቆማለች። ጥሩዬ ጮኸችባት፦ «ምን ትገተሪያለሽ? የኔውም እኮ ርቦታል፤ አንሺና አጥቢው!»