አሥራ አንዱ ቾኮች

አቶ ጩማ በሶዶ መናኸሪያ ካርቶናቸውን ወደ ቤሌ በሚሄደው አውቶቡስ ሲያስጭኑ፣ ከቤሌ ከገባው ሌላ አውቶቡስ የጎረቤታቸው ልጅ ኢየሩሳሌም ወረደች። የቴክኒክ ትምህርት ቤት መምህርት ናት። ጥቁር ለብሳለች።

«ከልብስ ሰፊው ከባዳቾ ለቅሶ ነሽ?» አሉ ጩማ። «ምን ይደረግ ልጄ፣ የጌታ ፈቃድ ነው። የተቃጠለበት የልብስ ስፌት ቤት ሽቦ ድሮም ያረጀ ነበር።»

«ሽቦው ደህና ነበር ጋሼ። እሳቱ የተነሳው ከዚህ ነው።» ከፌስታል ውስጥ የከሰለ ቾክ፣ የፍሎረሰንት መብራትን ኮረንቲ የሚገታ የሽቦ ጥቅል፣ አወጣች። ጎኑ ላይ በምስማር የተጫሩ ሦስት መስመሮች አሉ። የጩማ ምልክት ነው።

የሽማግሌው ፊት አመድ መሰለ፤ ቢሆንም እጅ አልሰጡም። ክፉ ሰው ሆነው አይደለም። ሠላሳ ዓመት ሙሉ የተቃጠለ ቾክ እየፈቱ እንደገና ሲጠመጥሙ፣ አንድም ሰው ተሳስተዋል ብሏቸው አያውቅም።

«ሳልፈትሽ ሰጥቼ አላውቅም! ከአምፖል ጋር አገናኝቼ አበራለሁ፣ ድምፁን አዳምጣለሁ።»

«አምፖሉ የሚነግርዎ ሽቦው አለመበጠሱን ብቻ ነው። ውስጥ ለውስጥ የሽቦው ዙሮች ከተነካኩ ቾኩ ኮረንቲውን መግታት ያቅተዋል፤ ይግላል፤ ከዚያ ጣሪያው ይያያዛል። ያንን የመግታት አቅም ኢንዳክታንስ እንለዋለን፤ ብሪጅ በሚባል መለኪያ ይለካል።»

«እኔን መጽሐፍ አታንብቢልኝ። ካርቶኑ ውስጥ ያሉትን አሥራ አንድ ቾኮች የቤሌ መዋለ ሕፃናት እየጠበቀ ነው።»

«እንግዲያው ስለ ሕፃናቱ ብለው አንዱን ብቻ ልለካልዎ።»

የአውቶቡሱ ረዳት «ፋዘር፣ ልንወጣ ነው!» እያለ ይጮሃል። ጩማ ካርቶኑን አስወረዱ። አምነው ሳይሆን ልጅቷን ሊያሳፍሯት ነበር።

በትምህርት ቤቱ ወርክሾፕ የሚተማመኑበትን ቾክ መርጠው ሰጧት። ኢየሩሳሌም ከብሪጁ ጋር አያያዘችውና ማዳመጫውን በእሳቸው ጆሮ ላይ ደፋችው።

«በዚህ ወገን ልኩ የታወቀ ጥቅል አለ፣ በዚያ ወገን የእርስዎ ቾክ። ማዞሪያውን እያዞሩ ያስተካክሏቸው። ሲተካከሉ በማዳመጫው የሚሰማው ድምፅ ይጠፋል፤ ያኔ ቁጥሩን እናነባለን።»

መጀመሪያ አዲስ የፋብሪካ ቾክ ለኩ። ቀጥሎ የራሳቸውን። ድምፁ ጭጭ ያለው የፋብሪካውን ግማሽ በማይሞላ ቁጥር ላይ ነበር። ደጋግመው ቢያዞሩም ያው ነው። በጆሯቸው ኮርተው ለኖሩት ሰው የገዛ ጆሯቸው መሰከረባቸው።

ቾኩን ፈቱት። የመከለያ ወረቀት ሲጠፋ በሽቦው ድርብርቦች መሃል የደረቀ የእንሰት ቅጠል ያነጥፉ ነበር፤ በዚህ ብልሃታቸውም ስንቱ አመስግኗቸዋል። ቅጠሉ የክረምቱን እርጥበት ጠጥቶ ሻግቷል፤ ሽቦው ተነካክቷል። ከአሥራ አንዱ ሰባቱ እንደዚያው ሆነው ተገኙ።

«ያ የከሰለው ቾክ ተለክቶ ቢሆን ኖሮ ባዳቾ ይተርፍ ነበር?»

ልትዋሻቸው አልፈለገችም። «ይተርፍ ነበር ጋሼ።»

ጩማ አለቀሱ። «ከእንግዲህ ያልተለካ ከእጄ አይወጣም» አሉ። «የሰው ቤት አይቃጠል፤ እኔም ሰው ገደልኩ ይሆን እያልኩ አልደር።»

«ቀድሞ የሰቀሏቸውስ?»

«ዲምቱ ከተማ አሉ፣ ቦምቤም አሉ። ሁሉንም አወርዳለሁ፤ አንድ በአንድ አስለካቸዋለሁ።» ወደ ኢየሩሳሌም ዞሩ። «የባዳቾ ልጆች አሁን የት ናቸው?»

«ቤሌ፣ አጎታቸው ቶማ ጋ።»

ሽማግሌው ፒንሳቸውን ኪሳቸው ከተው ተነሱ።

«ቶማ ቤት የሰቀልኩትም የእኔ ነው። መሽቶ መብራት ሳያበሩ ልድረስ።»