ሞተርም የራሱ ሙቀት አለው

መድኃኒት አመላላሹ አዛውንት ዳገቱን አጋምሰው ሞተር ሳይክላቸውን አቆሙ። ከመንገድ ዳር ቧንቧ በጣሳ ውሃ ቀድተው የጋለው ሞተር ላይ ሊያፈሱ ሲሉ፣ «አጎቴ፣ እባክዎ ትንሽ ይታገሡኝ» የሚል ድምፅ ሰሙ። ዞር ቢሉ የእህታቸው ልጅ ናት። በሙያ ትምህርት ቤት የሞተር ጥገና ታስተምራለች፤ ከሥራ በእግሯ ስትመለስ ነው የደረሰችባቸው።

አዛውንቱ ጣሳውን እንደያዙ የሆዳቸውን ዘረገፉላት። ሞተሯ ታማለች። ከወር ወዲህ በየአምስት ኪሎ ሜትሩ እየቆሙ ውሃ ያፈሱባታል፤ መድኃኒቱም ጤና ጣቢያ የሚደርሰው በሽተኛው ጠብቆ ጠብቆ ከሄደ በኋላ ነው። ነርሷ፣ በትሕትናም ቢሆን፣ ሥራው ለሌላ ሰው ሊሰጥ እንደሚችል ነግራቸዋለች። ሃያ ዓመት የተመላለሱበት መንገድ ነው።

«መታመሟን በምን አወቁ?»

«በእጄ ነዋ። አንቺንስ ያሳደግሁሽ በዚሁ እጅ አይደል? ግንባርሽን ነካ ሳደርግ ትኩሳትሽን አውቅ ነበር። ይህቺን መንካትም አልተቻለ፤ ምራቅ እንኳ ጠብ ሲልባት ቸስ ይላል።»

ልጅቱ አልሳቀችም። ያ እጅ ስንቴ እንዳስታመማት ታውቃለችና።

«እጅዎ ለሰው አይሳሳትም» አለች ለስለስ ብላ። «ሰው በሠላሳ ሰባት ዲግሪ ጤነኛ ነው፤ ሁለት ሲጨምር አልጋ ይይዛል። ይህ ሞተር ግን በነፋስ ብቻ የሚበርድ ነው። ሥራ ላይ እያለ የሲሊንደሩ ራስ ከመቶ ሃምሳ እስከ ሁለት መቶ ዲግሪ ቢግል ጤናው ነው። ውሃ በመቶ ይፈላል፤ ስለዚህ ምራቁ በደህናውም ሞተር ላይ ቸስ ይላል። እጅ ደግሞ ስልሳውንም አይችል፤ ከዚያ በላይ ያለው ሁሉ ለእጅ አንድ ነው።»

«ታዲያ የጋለን ነገር ውሃ ምን ይጎዳዋል?»

«የጋለ ብርጭቆ ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ቢያፈሱስ?»

አዛውንቱ እያቅማሙ ጣሳውን መሬት አስቀመጡ። ሃያ ዓመት በእጅ የፈረዱበትን ልማድ በአንድ ጥያቄ መልቀቅ ግን ለማንም ይከብዳል። እንዲያውም በሆዳቸው «የትናንት ልጅ» ብለዋታል።

እሷ ከቦርሳዋ ለተማሪዎቿ የምታሳይበትን የሙቀት መለኪያ አውጥታ ወደ ሞተሩ አነጣጠረች። ሁለት መቶ ሠላሳ አምስት።

«አላልኩሽም?» አሉ አዛውንቱ፣ ደስ እንዳላቸው ሳይደብቁ።

«እውነትዎን ነው፣ ከልኩ አልፋለች። በሽታው ግን ይኸው።» በሲሊንደሩ ዙሪያ እንደ ማበጠሪያ ጥርስ የተደረደሩትን የብረት ክንፎች አሳየቻቸው። ክፍተታቸው በጭቃና በዘይት ተደፍኗል። «ነፋሱ በዚህ መሐል ካላለፈ ሙቀቱ በየት ይውጣ?»

አዛውንቱ ጭቃው ሞተሯን ከጠጠር ይጠብቅልኛል እያሉ ዓመታት ሳይነኩት ኖረዋል። ይህን ሲነግሯት ፊታቸው ቀላ። እሷም ብልሃቱ ክፉ እንዳልነበረ፣ ቦታውን ብቻ እንደሳተ ነገረቻቸው። ጥላ ስር ተቀምጠው ሞተሯ በራሷ ጊዜ እስክትበርድ ጠበቁና፣ ጤና ጣቢያው የሚዘጋበት ሰዓት ስላለፈ ቀስ ብለው አብረው ወደ ቤት ወረዱ። ግቢ ውስጥ አዛውንቱ ክንፎቹን አንድ በአንድ በነጭ ጋዝና በብሩሽ ፈተጉ፤ ልጅቱ ጠቁሮ የቀጠነውን ዘይት ቀየረች።

በማግሥቱ ልጅቱን ከኋላ አፈናጠው ያንኑ ዳገት አንዴም ሳይቆሙ ወጡት። ጫፍ ላይ በእሷ መለኪያ ለኩ፦ መቶ ሰባ ስምንት። አዛውንቱ ቁጥሩን አነበቡ፤ መነጽራቸውን ጠርገው ደግመው አነበቡ።

«ተረታሁ» አሉ። «በልጅ መረታት እንዲህ ይጣፍጣል እንዴ?»

ከዚያ ወዲህ በየሳምንቱ ክንፎቹን ያጸዳሉ፣ ዘይቱን በጊዜው ይቀይራሉ፣ ቆመው ሲያወጉ ሞተሩን ያጠፋሉ። ሞተሯ ጉልበቷ ተመለሰ፤ ሥራውም በእጃቸው ቀረ። እውቀት አጠገባችን ሆኖ ሳለ በግምት መድከም ምንኛ ያሳዝናል።

ከጥገናው በኋላ በመጀመሪያው ሰኞ ጤና ጣቢያው በሩን ሳይከፍት ደረሱ። ስንት ጊዜ ባዶ እጃቸውን የተመለሱ አንዲት የደም ግፊት ታማሚ እናት መድኃኒታቸውን ተቀብለው መረቋቸው። አዛውንቱም ባርኔጣቸውን አወለቁና፣ «ግማሹ ምርቃት የእህቴ ልጅ ነው፤ አደርስላታለሁ» አሉ።